ሃሪኬን ውሃ በጠገበ መሬት ላይ ሲመጣ

አንድ ሃሪኬን ወደ የብስ ሲገሰግስ በየቴሌቪዥኑና በየስልኩ ጎልቶ የሚታየው አንድ ቁጥር ነው፤ ከ1 እስከ 5 የሚሄደው የነፋስ ደረጃ። ሰውም በዚያ ቁጥር ይሰጋል፣ በዚያው ቁጥር ይጽናናል። «ደረጃ 4 ደርሷል» ሲባል ሻንጣውን ያዘጋጀ ሁሉ «ወደ 1 ዝቅ ብሏል» ሲባል ሻንጣውን መልሶ ይፈታል። ሳፊር ሲምፕሰን የሚባለው ይህ መለኪያ ግን የሚነግረን የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው። ማዕበሉ ስንት ውሃ እንደ ተሸከመ፣ በአንድ ቦታ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ውሃውን የሚቀበለው መሬትም በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አንዳች አይናገርም። ሰው የሚሞተው ደግሞ በአብዛኛው በውሃ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ከ2013 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት በአገሪቱ በሃሪኬንና በመሰል ማዕበሎች በቀጥታ የሞቱትን ሰዎች ሲመረምር፣ ከመቶ 57 ያህሉ የሞቱት ከዝናብ በመጣ ጎርፍ መሆኑን አግኝቷል። (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም እዚህ ላይ ይጀምራል። ሃሪኬን ሲቃረብ ከሁሉ አስቀድመን ልንጠይቀው የሚገባን መሬቱ ምን ያህል ውሃ ጠግቦ እንደሚጠብቀው ነው። ይህ ጥያቄ ማዕበሉ ከመድረሱ ከቀናት በፊት መልስ ይገኝለታል፤ በመልሱ ላይ ተመሥርቶ የሚወሰድ እርምጃም ሕይወት ያተርፋል።

ሄለን የተባለው ሃሪኬን ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ሄለን ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 (መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.) ከእኩለ ሌሊት በፊት በፍሎሪዳ ግዛት፣ ፔሪ በምትባል ከተማ አቅራቢያ የብስ ሲረግጥ ደረጃው 4፣ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዓለም ዓይኑን የተከለው በዚያ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ከፍተኛው የሰው እልቂት የደረሰው ግን ከዚያ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ባሕር በሌለበት፣ በሰሜን ካሮላይና ምዕራባዊ ተራሮች ላይ ነው። በእነዚያ የአፓላቺያን ተራሮች ላይ ሃሪኬኑ ገና ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሳለ፣ ከሴፕቴምበር 25 ጀምሮ ከባድ ዝናብ ይወርድ ነበር። ከሃሪኬኑ ቀድሞ የተላከው እርጥበት ባለበት ከቆመ የአየር ግንባር ጋር ተገናኝቶ፣ ዳገት እየወጣ እየቀዘቀዘ ያለማቋረጥ ዘነበ። በተራሮቹ መካከል ባለችው በአሽቪል ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ በሦስት ቀን ከተመዘገበው 355 ሚሊ ሜትር ዝናብ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የማዕበሉ ማዕከል እዚያ ከመድረሱ በፊት የወረደ ነው። ቡሲክ በምትባል ተራራማ መንደር የተለካው ድምር ደግሞ 780 ሚሊ ሜትር ደርሷል፤ አዲስ አበባ በዓመት ሙሉ ከምታገኘው ዝናብ ከግማሽ የሚበልጠው በጥቂት ቀናት ወረደ ማለት ነው። ሴፕቴምበር 27 ጠዋት ሃሪኬኑ ሲደርስ ነፋሱ በጣም ተዳክሞ ነበር። ያገኘው ግን አንድ ኩባያ ውሃ እንኳ ተጨማሪ መያዝ የማይችል መሬት ነበር። በአሽቪል በኩል የሚያልፈው ፍሬንች ብሮድ ወንዝ 7.5 ሜትር ደርሶ የ1916ን ክብረ ወሰን ሰበረ። ገባሩ ስዋናኖአም ወደ 8 ሜትር ተጠጋ፤ የቀድሞ ከፍተኛ መጠኑ 6.3 ሜትር ነበር። በስድስት ግዛቶች ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ከ100 በላይ የሚሆኑት የሰሜን ካሮላይና ሰዎች ናቸው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ከእግራችን ሥር ያለውን ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። መሬት ለዓይን ድፍን ቢመስልም ውስጡ ክፍተት የበዛበት ነው። በአፈር ቅንጣቶች መካከል፣ የሞቱ ሥሮች በተዉት ቀዳዳ፣ ትልና ጉንዳን በማሱት ጎድጓዳ መንገድ ሁሉ አየር አለ። ዝናብ ሲጥል ውሃው አየሩን እያስለቀቀ ቦታውን ይይዛል። ሰፋፊዎቹ ክፍተቶች ውሃውን ቁልቁል ወደ ከርሰ ምድር ያሳልፉታል፤ ጠባቦቹ አጥብቀው ይይዙትና ፀሐይ እስኪያተነው፣ የዛፍና የሣር ሥር እስኪመጠው ድረስ ያቆዩታል። ስለዚህ መሬቱ ከአንድ ከባድ ዝናብ በኋላ ቦታውን መልሶ ለማስለቀቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ሸክላ የበዛበት አፈር ከሆነ፣ ሰማዩም ዳመናማ ከሆነ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሁለተኛው ዝናብ ይህን ፋታ ሳይሰጥ ከመጣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከታች ወደ ላይ እያደገ፣ የገጹ ውሃ ከላይ ወደ ታች እየገባ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ጠብታ የሚገባበት የለውም፤ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ጅረት፣ ከጅረት ወደ ወንዝ ይሮጣል። ጉዳቱም ሁለት ነው። ወደ ወንዙ የሚደርሰው ውሃ መጠኑ ይጨምራል፤ በአፈር ውስጥ እየሾለከ በቀናት ይደርስ የነበረው ደግሞ አሁን በሰዓታት ይደርሳል።

በቁጥር ስናየው ነገሩ ይበልጥ ይገዝፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲወርድ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ከአሽቪል በላይ ያለው የፍሬንች ብሮድ ተፋሰስ ስፋቱ ወደ 2,450 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ተፋሰስ ሁሉ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል፤ የወረደው ውሃ 245 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ለማስረዳት ያህል፣ አፈሩ ደረቅ ሆኖ ከዚህ 60 ሚሊ ሜትሩን ቢይዝልን ወደ ወንዙ የሚሄደው 98 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። አፈሩ ጠግቦ ምንም የማይዝ ከሆነ ግን ሁሉም፣ 245 ሚሊዮኑም ይወርዳል። ሰማዩ ያደረገው ነገር በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ በሜትሮሎጂ ባለሙያው መለኪያ ላይ የሚነበበው ቁጥርም ያው 100 ነው። ድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል። አንድ ሰው «ባለፈው ዓመት እንዲህ ዘንቦ ምንም አልሆንንም» ብሎ ሲቀመጥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝናቡን ያስታውሳል እንጂ መሬቱ በዚያን ጊዜ ባዶ እንደ ነበረ አያስታውስም።

ይህን የአገራችን ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰኔ መግቢያ ላይ የጣለው ዝናብ የበጋውን ስንጥቅ መሬት ሲያርስ፣ ሲያጠጣ ይቆያል፤ ወንዙም እምብዛም አይነሳም። ያው ዝናብ ነሐሴ ላይ ሲጥል ግን ጅረቱ ሁሉ ደፍርሶ ይሞላል፣ መሻገሪያው ይዘጋል፣ ዐባይም ጎርፉን ተሸክሞ ይወርዳል። አርሶ አደሩ ጠዋት የሚሻገረውን ወንዝ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መሻገር ይችል እንደሆነ ሲገምት የሚያየው የዚያን ቀን ሰማይ ብቻ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ የወረደውንም ይቆጥራል። በአሜሪካ ተራሮች ላይ የሚሠራው ሕግም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ የእኛ ክረምት በየዓመቱ በታወቀ ወራቱ ሲመጣ፣ በእነሱ ዘንድ ሁለቱ ዝናቦች መቼ እንደሚደራረቡ አስቀድሞ ቀን አለመቆረጡ ነው። ስለዚህም የመጀመሪያው ዝናብ ሲያበቃ አብዛኛው ሰው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ መሬቱ በዝምታ ሲሞላ ማንም ልብ አይለውም።

የሄለን ነገር አንድ ጊዜ የተከሰተ ልዩ አጋጣሚ ነው የሚል ካለ፣ የእነዚያው ተራሮች ታሪክ ይመልስለታል። በጁላይ 1916 መጀመሪያ ላይ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የተነሳ ማዕበል ወደ ሰሜን ተጉዞ ተራሮቹን በዝናብ አጠገባቸው። ከሳምንት ጥቂት በላይ ቆይቶ በቻርልስተን ከተማ በኩል ከአትላንቲክ የገባ ሌላ ማዕበል ተከተለ፤ አልታፓስ በምትባል ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥ 564 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ወደ 80 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ያ ጎርፍም ለ108 ዓመታት የአካባቢው መለኪያ ሆኖ ቆየ። በሴፕቴምበር 2004 ደግሞ ፍራንሲስ የተባለው ሃሪኬን ቅሪት በተራሮቹ ላይ ዘንቦ ካለፈ ከሳምንት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አይቫን የተባለ ሌላ ሃሪኬን ቅሪት መጣ። ፒክስ ክሪክ በምትባል ቦታ ተራራው ተንዶ አምስት ሰዎችን ገደለ። ከተራሮቹ በስተ ምሥራቅ በሜዳማው የሰሜን ካሮላይና ክፍልም በ1999 ዴኒስ የተባለው ማዕበል መሬቱን አጥግቦ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ፍሎይድ የተባለው ሃሪኬን ደረሰ። ታር ወንዝ ሞልቶ ፕሪንስቪልን ዋጣት፤ ይህች ከተማ በ1885 በአሜሪካ በጥቁሮች የተመሠረተች የመጀመሪያዋ ሕጋዊ ከተማ ናት። በ1916፣ በ1999፣ በ2004 እና በ2024 ነገሩ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የመጣው። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ያጠግባል፤ ሁለተኛው ደግሞ የሚሄድበት ያጣል።

የነፋሱ ደረጃ ምን ያህል እንደሚያታልል ለማየት ደግሞ 2011ን ማስታወስ ይበቃል። በኦገስት መጨረሻ አይሪን የተባለው ሃሪኬን የአሜሪካን ሰሜን ምሥራቅ በዝናብ አራሰው። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ሊ የተባለው ማዕበል ቅሪት መጣ። ሊ በሕይወት ዘመኑ አንድም ቀን የሃሪኬን ደረጃ አልደረሰም። ነገር ግን በፔንሲልቬንያ ሳስኩሃና ወንዝ ዊልክስ ባሪ ከተማ ላይ 13 ሜትር ደርሶ፣ በ1972 አግነስ የተባለው ማዕበል ያስመዘገበውን ከፍታ አለፈ። በዚያው ሳምንት ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስና በአካባቢው መንገዶች ወንዝ ሆኑ፣ መኪኖች በውሃ ተወሰዱ። በአፍሪካም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በማርች 2019 ኢዳይ የተባለው ሳይክሎን ገና ስም ሳይወጣለት፣ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ሆኖ ሞዛምቢክንና ማላዊን በጎርፍ አጥለቀለቀ። ከዚያ ወደ ባሕር ተመልሶ ጉልበት ገዛና በቤይራ ከተማ በኩል ዳግም ገባ። ሦስት አገሮችን ባዳረሰው ጥፋት ከ1,000 በላይ ሰዎች አለቁ። ያ ማዕበል መሬቱን ራሱ አጥግቦ፣ ራሱ ተመልሶ መጣበት።

በተራራማ አገር ደግሞ ውሃ የጠገበ መሬት ከጎርፍ ሌላ የሚያመጣው ጣጣ አለ፤ ናዳ። ቁልቁለት ላይ ያለ አፈር የማይንሸራተተው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተፋትገው፣ ሥር አስሯቸው፣ ከታች ባለው ዐለት ላይ ተጭነው ስለሚይዙ ነው። ክፍተቶቹ በውሃ ሲሞሉ አፈሩ ይከብዳል፤ ከዚህ የሚብሰው ግን በውስጡ የታመቀው ውሃ ቅንጣቶቹን እየገፋ ማላቀቁ ነው። ለዓመታት ጸንቶ የቆመ ዳገት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዛፉን፣ ቋጥኙንና ቤቱን ይዞ ይወርዳል። የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም ሄለን ያስነሳቸውን ናዳዎች ሲቆጥር ከ2,000 በላይ አግኝቷል። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው መከራ ከማናችንም ልብ አልወጣም። ከከባድ ዝናብ በኋላ አንድ ዳገት ተንዶ ሰዎችን ቀበረ፤ ጎረቤት እነሱን ለማውጣት ተሯሩጦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣበት። ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። እዚያ ሃሪኬን አልነበረም፤ የጠገበ ዳገትና የወረደ ዝናብ ግን ነበሩ። የመጀመሪያው ናዳ ከወረደ በኋላ አጠገቡ ያለው አፈርም ያንኑ ውሃ ጠጥቶ እንደ ቆመ ማወቅ፣ ለነፍስ አድን ሥራ የሚሮጠውን ሰው ከሞት የሚያተርፍ ዕውቀት ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ከባድ ነው፤ ዝናቡ እጅግ ከበዛ የመሬቱ ሁኔታ ለውጥ አያመጣም የሚል። እውነትነት አለው። በ2017 ሃርቪ የተባለው ሃሪኬን በቴክሳስ ቀናት ሙሉ ቆሞ በአንድ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ሲያዘንብ፣ የትኛውም ደረቅ አፈር ያንን ሊውጥ አይችልም ነበር። በአስፋልትና በሲሚንቶ የተሸፈነ ከተማም ቢደርቅም ቢርስም ውሃ አያሰርግም። ድርቅ ያደነደነው መሬትም የመጀመሪያውን ኃይለኛ ዝናብ ወደ ጎን ሊመልሰው ይችላል። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ የሚያረጋግጠው በአንዳንድ ቦታና ጊዜ አደጋው ከሌላ በኩል እንደሚመጣ ብቻ ነው። እንደ ሃርቪ ያለ ዝናብ ብርቅ ነው። አብዛኞቹ ማዕበሎች የሚያመጡት መጠን መሐል ላይ ያለ ነው፤ መሬቱ ባዶ ከሆነ በሰላም የሚያልፍ፣ ጠግቦ ከሆነ ግን የሚገድል። የመሬቱ ሁኔታ ፍርድ የሚሰጠው በእነዚህ ላይ ነው፤ ቁጥራቸውም የሚበዛው እነዚህ ናቸው። የአየሩ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር አየር ሊይዘው የሚችለው እርጥበት ከመቶ 7 ያህል ስለሚያድግ፣ ወደ ፊት የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ዝናብ የመክበድ ዕድል አለው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከየቤቱ የሚሰማ ነው። «እኛ የጎርፍ ቀጣና ውስጥ አይደለንም፤ እዚህ ጎርፍ ገብቶ አያውቅም»። በምዕራብ ሰሜን ካሮላይና ከሄለን በፊት የጎርፍ ኢንሹራንስ የነበረው ቤት ከመቶ አንድ እንኳ በወጉ አይሞላም ነበር፤ ሕዝቡ ባሕር የራቀው ተራራ ላይ ስለሚኖር አስፈላጊነቱ አልታየውም። የጎርፍ ካርታ የሚሠራው በዋነኛነት ትልልቆቹ ወንዞች በታወቀ መጠን ሲሞሉ የት እንደሚደርሱ ተሰልቶ ነው። መሬት ሲጠግብ ግን ውሃው ወንዙን አይጠብቅም፤ ስም የሌላት ቦይ፣ ክረምት ከበጋ ደረቅ ሆና የኖረች ሸለቆ፣ ከጓሮ በስተጀርባ ያለ ዳገት የጎርፍ መንገድ ይሆናል። ሊታወቅ የሚገባው ሌላው ነገር በአሜሪካ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ የጎርፍን ጉዳት እንደማይሸፍን ነው። በ1968 የተቋቋመው የመንግሥት የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ደግሞ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከተገዛ በኋላ ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ሃሪኬን ስም ወጥቶለት በካርታ ላይ ከታየ በኋላ ሊገዛ የተነሳ ሰው ዘግይቷል። ተከራይም ቢሆን ቤቱ የእሱ ባይሆን እንኳ ዕቃውን በዚሁ ፕሮግራም ማስያዝ ይችላል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ቤተሰቦች አሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የማስጠንቀቂያ ብዛት ሰውን ያሰለቻል የሚል ነው። በየዝናቡ «ተነሱ፣ ሽሹ» ከተባለ በአራተኛው ጊዜ የሚሰማ አይኖርም። ይህ ፍርሃት ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን መሬቱን ችላ ማለት ሳይሆን ማስጠንቀቂያው ውስጥ ማስገባት ነው። በነፋስ ደረጃ ብቻ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ መሬቱ ደረቅ በሆነበት ጊዜ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፤ በጠገበ ጊዜ ደግሞ ያለ ምክንያት ያረጋጋል። መሬቱን የሚቆጥር ማስጠንቀቂያ ግን የሚጮኸው መጮህ በሚገባው ጊዜ ነው። ለዚህ የሚሆነውም መረጃ አለ። የአሜሪካ የወንዝ ትንበያ ማዕከላት አፈሩ ያለበትን እርጥበት አስልተው፣ በአንድ አካባቢ ጅረቶች ከዳር እንዲወጡ በአንድ፣ በሦስትና በስድስት ሰዓት ውስጥ ስንት ዝናብ እንደሚበቃ በየጊዜው ያወጣሉ። መሬቱ ሲጠግብ ይህ ቁጥር ያሽቆለቁላል። በጃንዋሪ 2015 የመጠቀችው የናሳ ስማፕ ሳተላይትም ከጠፈር ሆና የላይኛውን አምስት ሴንቲ ሜትር አፈር እርጥበት ትለካለች። ችግሩ ይህ ሁሉ በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ መቅረቱ ነው። ቤተሰቡ ማታ ዜና ሲከፍት የሚያገኘው ያንኑ የነፋስ ቁጥር ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ሄለን ከመድረሱ በፊት የአካባቢው የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ቢሮ መጪው ነገር በዘመኑ ካጋጠሙት ሁሉ ከባዶቹ አንዱ እንደሚሆን፣ ከ1916ቱም ጎርፍ ጋር እንደሚነጻጸር በግልጽ አስጠንቅቆ ነበር። ይህ ሁሉ ተነግሮ ሰው ከሞተ ማስጠንቀቂያው ምን ጠቀመ? መልሱ በማስጠንቀቂያና በእርምጃ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። በ1916 የተወለደ ሰው በ2024 በሕይወት የለም ማለት ይቻላል፤ «እንደ 1916» የሚለው ቃል ለታሪክ አዋቂው ያስፈራል፣ ለጅረት ዳር ነዋሪው ግን ምንም አይስልለትም። ለእሱ የሚጠቅመው «ውሃው ከመንገዱ በላይ፣ እስከ ደጃፍህ ይደርሳል፤ ከምሽቱ በፊት ወደ እዚህ ቦታ ውጣ» የሚል ቃል ነው። በዚያ ላይ ከተራራ መንደር የሚያወጣው መንገድ አንድ ሲሆን፣ ያም ዋናው ማዕበል ሲደርስ ሊዘጋ ይችላል። በተራሮቹ ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ አውራ ጎዳና 40 ራሱ በፒጅን ወንዝ ሸለቆ ተሸርሽሮ ተቆርጦ፣ በጠባቡም ቢሆን ዳግም የተከፈተው በማርች 2025 ነው። መውጣት የሚቻለው እንግዲህ መሬቱ ከጠገበ በኋላ፣ ዋናው ማዕበል ከመምጣቱ በፊት ባለችው አጭር ፋታ ነው። ማስጠንቀቂያው ያቺን ፋታ በስሟ ጠርቶ፣ የት መሄድ እንደሚገባ ተናግሮ፣ መኪና የሌለውን የሚያወጣ አውቶቡስ አዘጋጅቶ ካልመጣ ግማሽ ሥራ ነው። ድሃው ሰው አልወጣም ብሎ መውቀስ አይገባም፤ የሚያርፍበት፣ የሚሄድበት፣ ከሥራ የሚቀርበት ካልተመቻቸለት ምክር ብቻውን አያድነውም።

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የሩቅ ዜና አይደለም። ሄለን ሲያልፍ አትላንታ በ48 ሰዓት 282 ሚሊ ሜትር ዝናብ አግኝታ ከ1886 ጀምሮ የቆየውን 244 ሚሊ ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በከተማዋና በዙሪያዋ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ። ብዙዎቹ በታክሲ፣ በኡበርና በዕቃ ማድረስ መኪና የሚተዳደሩ ናቸው፤ ከጎርፍ ሟቾች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚሰጥሙት ደግሞ መኪና ውስጥ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል፤ ማታ ደግሞ የውሃውን ጥልቀት፣ ከሥሩም መንገዱ መኖር አለመኖሩን ዓይን አይለይም። ቤዝመንት የተከራየ ሰው ሌሊቱን የት እንደሚያድር ዝናቡ ሳይጀምር መወሰን አለበት። መሬቱ መጥገቡን ለማወቅም ሳተላይት አያሻም። ዝናቡ ካባራ ከአንድ ቀን በኋላም ሣሩ ላይ ውሃ ከቆመ፣ ጅረቱ ሳይጎድል ደፍርሶ ከቀጠለ፣ ከዳገቱ ሥር ከዚህ በፊት ያልነበረ ምንጭ ከፈለቀ፣ ዛፍ ወይም አጥር ካዘነበለ፣ መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ መሬቱ በቃኝ ብሏል። የሞላ ጅረት ደግሞ ድንገት ቢጎድል ሰላም አይደለም፤ ከላይ ናዳ ገድቦት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል።

ቀድሞ መሥራት እንደሚያዋጣ፣ ልኩ ግን ካለፈው ጥፋት ከፍ ብሎ መለካት እንዳለበት የአሽቪል ውሃ አቅርቦት ያስተምረናል። በ2004ቱ ጎርፍ ከኖርዝ ፎርክ ግድብ የሚወጡት ቧንቧዎች ተጠርገው ስለ ነበር፣ ከተማዋ በጥልቀት የተቀበረ ተጨማሪ መስመር ዘረጋች፤ ግድቡንም አጠናከረች። በ2024 የተጠናከረው ግድብ ጎርፉን ተቋቁሞ ቆመ፤ ከሥሩ የሚኖረውም ሕዝብ ተረፈ። የተቀበረው ተጨማሪ መስመር ግን ውሃው መሬቱን ራሱን ቆርሶ ሲሄድ አብሮ ሄደ። ነዋሪው ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ከቧንቧው መልሶ ያገኘው ከ53 ቀን በኋላ፣ በኖቬምበር 18 ነው። የተሠራው ሥራ ሕይወት አትርፏል፤ ያለፈውን ጎርፍ ብቻ ልክ አድርጎ የተሠራው ደግሞ አልበቃም።

ስለዚህ በሃሪኬን ወቅት በዝናብ ላይ ዝናብ ሲደረብ የሚጨነቅ ሰው ፈሪ ሊባል አይገባውም፤ ጭንቀቱ በማስረጃ የቆመ ነው። ከባለሥልጣናትና ከመገናኛ ብዙኃን የሚጠበቀው ከነፋሱ ደረጃ ጎን የመሬቱን ሁኔታ በየአካባቢው፣ ሰዉ በሚሰማው ቋንቋ፣ አማርኛንም ጨምሮ መናገር ነው። ከየቤተ እምነቱና ከየማኅበሩ የሚጠበቀው መኪና የሌላቸውን፣ አረጋውያንን፣ አዲስ የመጡትን አስቀድሞ መዝግቦ መያዝ ነው። ከየቤተሰቡ የሚጠበቀው ደግሞ ኢንሹራንሱን ከወቅቱ በፊት መግዛት፣ የሚያድሩበትን ከፍ ያለ ቦታ መወሰን፣ መሬቱ ጠግቦ ሌላ ማዕበል መምጣቱ ሲነገር ደረጃው ስንት እንደሆነ ሳይጠይቁ በዚያኑ ቀን በብርሃን መውጣት ነው። ወጥቶ ምንም ሳይሆን የተመለሰ ሰው ያጣው አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው፤ ያንን ለመክፈል መስማማት አለብን።